ጋሼ፣ አፑ «ጥፋተኛው ማን ነው?» ይለኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አንድ አከፋፋይ ድርጅት ውስጥ የሽያጭ ሠራተኛ ነኝ። የድርጅቱን ፒክአፕ ይዤ ከሱቅ ሱቅ እዞራለሁ። ባለፈው ጎተራ አካባቢ አንዲት ቪትዝ ፍሬቻ ሳታሳይ ገባችብኝና ተጋጨን። ሰው አልተጎዳም። የእኔ ፓራፋንጎና የፊት መብራት፣ የሷ የኋላ በር ሄደ። ድርጅታችን ዘንድሮ ስልካችን ላይ የአደጋ ማሳወቂያ አፕ ስለጫነልን እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ከፈትኩት። ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው። ፎቶ አንሳ፣ ታርጋ ጻፍ፣ ካርታ ላይ ንካ ካለኝ በኋላ «ጥፋተኛው ማን ነው?» አለኝ። እኔ፣ ሌላው፣ ሁለታችንም። ካልመረጥኩ አያሳልፍም። እጄ እየተንቀጠቀጠ «ሁለታችንም» የሚለውን ነካሁ። መጨረሻ ላይ ረጅም ጽሑፍ መጣ፤ ሳላነበው «እስማማለሁ» አልኩ። አሁን አስተዳደር ክፍል «ተስማምተሃል» ብሎ ከደመወዜ ሊቆርጥ ነው። ምን ይሻለኛል? ለወደፊቱስ አፑን ልተወው?
— ከሳሪስ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ሰው ሳይጎዳ ተረፋችሁ። ፓራፋንጎ ይገዛል።

እኔ 19 ዓመት ስምሪት ክፍል ተቀምጫለሁ። ድሮ ሹፌር ሲጋጭ ይደውልልኛል፣ ጃኬቴን አንጠልጥዬ እሮጣለሁ። ስደርስ ግማሹ ማስረጃ በሌላ መኪና ጎማ ተረጋግጦ ይጠብቀኛል። ስለዚህ አፑን ተወው አልልህም። ግን አንድ ነገር እወቅ፤ አፑን ያሠራው ድርጅቱ ነው፣ የሚጠይቅህም ድርጅቱ ማወቅ የሚፈልገውን ነው። አንተን የሚጠቅምህን ራስህ ታስቀምጣለህ።

መጀመሪያ የደመወዙን ነገር እንጨርስ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59ን አንብበው። አሠሪ ከደመወዝ መቁረጥ የሚችለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝህ ሲሶ አይበልጥም። የነካኸው «እስማማለሁ» ጨዋታ አይደለም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ከወጣ ወዲህ ወረቀት ላይ አልፈረምኩም ማለት ብቻውን አያድንም። ስለዚህ ዛሬውኑ በደብዳቤ ጠይቅ፤ የተስማማሁበት ጽሑፍ ቃል በቃል ታትሞ ይሰጠኝ በል። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ጽሑፍ «የሞላሁት መረጃ እውነት ነው» የሚል ብቻ ነው። እሱ ከሆነ ስለ ደመወዝ የተስማማኸው ነገር የለም። ስትጠይቅ ኢንሹራንሱ ስንት እንደከፈለም ጨምር። ኢንሹራንስ የከፈለውን ካንተም መውሰድ ሁለት ጊዜ መብላት ነው። ደብዳቤህን ገቢ አስደርገህ ቅጂውን ያዝ፤ በቃል ያልከው ነገር እዚያው ኮሪደሩ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደዚያች ጥያቄ። «ጥፋተኛው ማን ነው?» የሚለውን መወሰን ያንተ ሥራ አይደለም፤ አስፋልት ላይ ቆመህ እጅህ እየተንቀጠቀጠማ ጭራሽ። በመኪና ኢንሹራንስ ውል ላይ ኩባንያው ሳያውቅ ጥፋትን ማመን የሚከለክል አንቀጽ የተለመደ ነው። አንተ «ሁለታችንም» ስትል ያችን ቪትዝ ብቻ ሳይሆን ድርጅትህንም አስገብተሃል። አላሳልፍ ካለህ እዚያ ገጽ ላይ ተወውና ለስምሪት ደውል። «ትራፊክ ፖሊስ እያየው ነው፣ ጥያቄው አላሳለፈኝም» በል። ማብራሪያ የሚጻፍበት ቦታ ካለ ያየኸውን ብቻ ጻፍ፦ «በቀኝ መስመር እየሄድኩ ነበር፤ ነጯ ቪትዝ ከግራ ገባች፤ ፍሬቻ አላየሁም።» አለቀ። «ትንሽ ፈጥኜ ነበር መሰለኝ» አትበል። «መሰለኝ» የምትል ቃል ስንቱን ሹፌር እንዳስከፈለች እኔ አውቃለሁ።

ፎቶ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንድ የአይሱዙ ሹፌራችን ቃሊቲ መንገድ ላይ ተጋጭቶ 23 ፎቶ ላከልኝ። ሃያ ሦስቱም የተጨረመተው የራሱ በር! መንገዱ የለም፣ የሌላው መኪና ታርጋ የለም። ጋራዥ የቆመ መኪና ይመስላል። መጀመሪያ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሂድ። ሁለቱ መኪኖች፣ የመንገዱ መስመርና አንድ የማይንቀሳቀስ ነገር፣ ሕንፃም ይሁን የመብራት ምሰሶ፣ አብረው ይግቡ። ቀጥሎ ጎማው ወዴት እንደዞረ፣ የፍሬን ምልክቱ፣ የመብራቱ ስብርባሪ የወደቀበት። ጉዳቱ መጨረሻ ነው። የሌላውን መንጃ ፈቃድና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስም አንሳ። መኪናውን ከቦታው ማንሳት ግን ትራፊኩን ሳትጠይቅ አይሆንም።

ፎቶዎቹ አፑ ውስጥ ብቻ አይቅሩ። በስልኩ ካሜራ አንስተህ ከዚያ አስገባ። ለራስህ በቴሌግራም ስታስቀምጥ በ«ፋይል» ላከው፤ በፎቶነት ከላክኸው ያሳንሰዋል፣ ቀኑና ቦታውም አብሮ ይጠፋል።

የሰዓት ጉዳይ ደግሞ አለ፤ እኔን ራሴን ሦስት ሳምንት ያንከራተተኝ። ጥቅምት 4 ቀን 2017 ከጠዋቱ 2፡40 ላይ አንድ መኪናችን ተጋጨ። ትራፊኩ የጻፈው ይህንኑ ነው። አፑ ግን 8፡40 ብሎ መዘገበ፤ ቀኑን ደግሞ 14/10። ፋይሉን የያዘው ልጅ 10 ሲያይ ሰኔ አለ! ሰኔ 14፣ ስምንት ሰዓት ከአርባ። «ጋሼ፣ ይሄ ሌላ አደጋ ነው» ብሎ መለሰኝ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጌ በጣቴ እየቆጠርኩ ነው ያስረዳሁት። ከዚያ ወዲህ ሹፌሮቼ ማብራሪያው ላይ «ጥቅምት 4፣ ከጠዋቱ 2፡40፣ በእኛ አቆጣጠር» ብለው እንዲጽፉ አድርጌአለሁ። አንተም ልመድ።

ሰው ከተጎዳ ግን አፕ የሚባል ነገር አትክፈት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ፖሊስ 991። ስልክህ ላይ መዝግባቸው፤ ዳታ አይፈልጉም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ድርጅታችን 14 መኪኖች አሉት። አለቃዬ እንዲህ ያለ አፕ ፈልጊ ብሎኛል። ውጭ አገር ወረቀት ሁሉ ቀርቷል ይባላል። ምን ዓይነት ልግዛ?
— ከመገናኛ፣ የንብረት ክፍል

መልስ፦ እህቴ፣ የውጭውን ተረጋግተሽ እዪው። ፈረንሳይ ውስጥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2014 ጀምሮ ሁለቱ ሹፌሮች እዚያው በስልክ ሞልተው ይፈርማሉ። የሚሠራው ግን ኢንሹራንሶቹ ራሳቸው ያወጡት ስለሆነ ነው። እኛ ጋ ኢንሹራንሱ አሁንም የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ይጠይቅሻል፤ የምትገዢው አፕ ያንን አይተካም። ሻጩ ይተካል ካለሽ ሻይውን ጠጥተሽ ተነሺ።

ከመግዛትሽ በፊት በዕድሜ ትልቁን ሹፌራችሁን ጥሪ። የስልኩን ዳታ አጥፊ። ግቢ ውስጥ ሁለት መኪና አጠጋግተሽ «ተጋጭተሃል፣ አሳውቅ» በዪው። አማርኛ አለው? ኔትወርክ እስኪመጣ ይዞ ይቆያል? ሹፌሩ የሞላውን ቅጂ ለራሱ ያገኛል? ጥፋተኛውን ምረጥ ብሎ ያስገድደዋል? አጠገቡ ቁሚ እንጂ አትርጂው። መነጽሩን አውልቆ ስልኩን ወደ አንቺ ከዘረጋ፣ ያንን አፕ አትግዢው።