የልጃችን ሙት ዓመት፦ ስለ ወታደር መታሰቢያ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶች

የሰፈራችን ልጅ በ23 ዓመቱ፣ የውትድርና ግዳጁን በመወጣት ላይ ሳለ በመኪና መገልበጥ አደጋ ከተለየን እነሆ ነሐሴ 9 ቀን ዓመት ሊሞላው ነው። እናቱ ሙት ዓመቱን እዚሁ ጅማ፣ ባደገበት ግቢ ልታስብ ስለ ወሰነች፣ የእድራችን አባላት «ምን እንጻፍ? ማን ያንብብ? ምን እናሠራ?» እያላችሁ በየመንገዱ ስታቆሙኝ ሰንብታችኋል። በሠራዊቱ ውስጥ በጽሕፈት ሥራ፣ ከዚያም በእድራችን ጸሐፊነት ለብዙ ዓመታት የሟቾችን የሕይወት ታሪክ ስጽፍ የኖርሁ ስለሆነ፣ ጥያቄያችሁን በአንድነት እንድታቀርቡልኝ ጠይቄአችኋለሁ። ከሁሉ አስቀድሜ ግን አንድ አደራ አለኝ፤ ያላያችሁትንና ካየ ሰው ያልሰማችሁትን ስለ ልጁ አትጻፉ።

ጥያቄ (ከአክስቱ)፦ በማስረጃው ላይ ያረፈበት ቀን «ኦገስት 15» ይላል። ድንጋይ ጠራቢው በረቂቁ ላይ «ነሐሴ 15» ብሎ ጽፎልናል። ትክክል ነው?

መልስ፦ ትክክል አይደለም፣ እትዬ፤ እንዳይቀረጽ ዛሬውኑ ያስቁሙት። የወሩን ስም ብቻ ተርጉሞ ቁጥሩን እንዳለ መተው ብዙ የመቃብር ድንጋይ ያበላሸ ስሕተት ነው። ኦገስት 15 በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ነው። ዓመቱንም እንዲሁ ይመርምሩት፤ ከመስከረም መባቻ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት ማብቂያ ልዩነቱ 7 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ 8 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ለነሐሴ የሚቀነሰው 8 ነው። ማዕርጉንም ከማስረጃው ላይ እንዳለ ይገልብጡ። ልጃችን ምክትል አስር አለቃ ነበር፤ በፍቅር ብዛት «ሃምሳ አለቃ» ያላችሁት ሰዎች እንዳላችሁ ሰምቻለሁና፣ ያልተሰጠውን ማዕርግ አትስጡት። እርሱ በያዘው ማዕርግ አላፈረበትም።

ጥያቄ፦ ስለ ሕይወት ታሪኩ ምን እንጻፍ?

መልስ፦ ከሁሉ በላይ ልመልሰው የምፈልገው ጥያቄ ይህ ነውና ታገሡኝ። በየለቅሶው የሚነበበው ወረቀት አንዱ ከሌላው አይለይም፤ «ከአባታቸውና ከእናታቸው ተወልደው፣ ዕድሜአቸው ለትምህርት ሲደርስ፣ ሰው አክባሪ፣ ታዛዥና ቅን» ይልና ያበቃል። ይህን ወረቀት ስሙን ብቻ ለውጣችሁ ለሌላ ሟች ብታነቡት የሚያውቅባችሁ የለም። ለእናቱ ግን የሞተባት «ታዛዥና ቅን» የተባለ ሰው ሳይሆን፣ በኅዳር ቡና ሲሰጣ ደመና ባየ ቁጥር ከትምህርት ቤት እየሮጠ መጥቶ የጎረቤቱን ሁሉ ጀንፈል ዝናብ ሳይመታው የሚሰበስብ ልጅ ነው። ይህን የነገረችኝ ጀንፈሏ የተረፈላት ጎረቤት ናት። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ራሱ ጠርቦ አንዱ እግር አጥሮበት፣ እናቱ ግን እስከ ዛሬ ቡና ስታፈላ ከእርሱ ላይ እንደማትነሣ የነገረችኝ ታላቅ እህቱ ናት። እንዲህ ያለውን ጻፉ።

በለቅሶው ዕለት ድንኳኑን ሁሉ ያስነባው የትኛው ሙሾ እንደነበረ ታስታውሳላችሁ። ስለ ጀግንነት ብዙ ተብሎ ነበር፤ ሰዉም በአክብሮት አዳምጧል። አክስቱ ተነሥታ፦

አዌቱ ሞላ አሉ፣ እኔ ምን ጨነቀኝ፣
የሚያሻግረኝ ልጅ ለዘላለም ራቀኝ።

ባለች ጊዜ ግን ወንዱም ሴቱም ፊቱን ሸፈነ፤ በክረምት ውኃው ሲሞላ አሮጊቶችን እያዘለ ሲያሻግር ያላየው ሰው በመካከላችን አልነበረምና። ሙሾው እውነት ነበር። ወረቀታችሁም እንደዚህ ሙሾ ይሁን።

ስለዚህ አሁን፣ ነገ ሳይባል፣ ከሚያውቁት ሰዎች ሰብስቡ። አብረውት የተማሩት ወደየ ሥራቸው እየተበተኑ ነው፤ አብረውት የሠለጠኑት ነገ የት እንደሚመደቡ አይታወቅም። እያንዳንዱን ሰው «ምን ዓይነት ልጅ ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «ጥሩ ልጅ» ብሎ ያልፋችኋል። «መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው? ምን ለብሶ ነበር? ምን ተባባላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ያን ጊዜ ይነግራችኋል።

ጥያቄ (ከጡረተኛ መምህር)፦ «ተሠዋ» ተብሎ ሊጻፍ ይገባልን? በእኔ እምነት ቃሉ በውጊያ ላይ ለወደቀ ሰው የተጠበቀ ነው።

ከአብሮ አደጉ፦ መምህር፣ ይቅርታ ይደረግልኝና በግዳጅ መኪና ላይ ነበር፤ ለሽርሽር አልወጣም። ለአገሩ የሄደ ልጅ እንዴት ተራ የመንገድ አደጋ እንደደረሰበት ሰው ይቆጠራል?

ከመምህሩ፦ የልጁን ክብር አልቀነስሁም፤ የቃሉን ትርጉም ነው የጠየቅሁት። ሁሉም «ተሠዋ» ከተባለ ቃሉ ምን ይለያል?

ከአብሮ አደጉ፦ የሚለየውን እኛ ሳንሆን የላከው ክፍል ይወስን። ወላጆቹ በተቀበሉት መርዶ ላይ ምን ተብሎ ነበር?

መልስ፦ ሁለታችሁም በቃችሁ፤ በእናቱ ፊት እንዲህ ስትከራከሩ እንዳልሰማ። እኔ የምጽፈው ዓረፍተ ነገር «በግዳጅ ጉዞ ላይ ሳለ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ለአገሩ በተሰለፈበት አገልግሎት ሕይወቱ አለፈ» የሚል ነው። የሆነው ይኸው ነው፤ ክብሩም በውስጡ አለ።

ለምን እንዲህ እንደምጠነቀቅ ልንገራችሁ። ታላቅ ወንድሜ በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ግንባር ሳለ ታሞ በሕክምና ጣቢያ ውስጥ አረፈ። ለቅሶው ላይ የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ሰው፣ ደግ አስቦ፣ «በካራማራ ታንክ ሲያቃጥል ወደቀ» ብሎ አነበበ። እናቴም በየዓመቱ የካቲት 26 የካራማራ ድል ሲታሰብ ቀና ብላ ትቀመጥ ነበር። ከ6 ዓመት በኋላ በመጨረሻው ሌሊት ውኃ ያጠጣው ጓደኛው እኛን ፈልጎ መጣና እውነቱን ነገራት። እናቴ ያን ዕለት እንደገና ለቅሶ ተቀመጠች። «እስከ ዛሬ ያለቀስሁት ለሰው ልጅ ነበር፤ የእኔ ልጅ ውኃ ሲጠማው እንኳ አላወቅሁም» አለች። የጻፈው ሰው ክፉ አልነበረም። ነገር ግን የልጇን እውነተኛ ሞት 6 ዓመት ሙሉ ከእርሷ ደበቀባት። ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፤ ያላያችሁትን አትጻፉ።

ጥያቄ፦ ነሐሴ 9 በጾመ ፍልሰታ ውስጥ ይውላል። ተዝካሩ እንዴት ይሁን? ሥጋ ማረድ ይቻላል?

መልስ፦ ጾም ነው፤ አይታረድም። ጸሎቱን በዕለቱ፣ ማብላቱን ከነሐሴ 16 በኋላ የሚያደርጉ ቤተሰቦች አሉ፤ በዕለቱ የጾም ምግብ የሚያቀርቡም አሉ። የቤተሰቡን የንስሐ አባት ጠይቁ። የእኔ ድርሻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ስለ ጡረታና ስለ ካሣ ክፍያ ምን ማድረግ እንችላለን?

መልስ፦ ቤተሰቡ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት አውጥቶ፣ ከሞት ማስረጃው ጋር ለሚመለከተው ክፍል ያቅርብ፤ የሁሉንም ሰነድ ግልባጭ ያስቀር። የቀረውን በአካል መጥታችሁ ብትጠይቁኝ እረዳችኋለሁ፤ ይህ ግን የመታሰቢያ ጉዳይ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለጽሑፉ ምን ምን ነገር ቢካተት ጥሩ ነው?

መልስ፦ ከላይ በስፋት መልሻለሁ። እባካችሁ አንብባችሁ ጠይቁ። «ምን ምን ነገር» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም። ስለ ልጁ የምታውቀውን አንድ ነገር ይዘህ ብትመጣ የት ቦታ እንደሚገባ አሳይሃለሁ።

ጥያቄ (ከመስጊድ ሰፈር ጓደኛው)፦ ጋሼ፣ እኛ ሙስሊም ጓደኞቹ በሙት ዓመቱ ዕለት ምን ማድረግ ይገባናል? ደግሞስ እኔ ስለ እርሱ መናገር የምችለው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ከእርሱ ጋር የምናወራው በእርሱ ነበር።

መልስ፦ ልጄ፣ በለቅሶው ሦስቱን ቀን ድንኳን የተከላችሁት፣ ሬሳውን ከመኪና ያወረዳችሁት እናንተ ናችሁ፤ አሁን እንደ እንግዳ አትጠይቀኝ። በዕለቱ እንደ ለቅሶው ሁሉ የእናንተ ምግብ በእናንተ ሰው፣ ለብቻው ይዘጋጃል፤ የእድሩ ዳኛ ተስማምተዋል። ስለ ንግግሩ፣ በአፋን ኦሮሞ ተናገር። ሳቁንም ቀልዱንም የምታውቀው በዚያ ቋንቋ ከሆነ፣ ወደ አማርኛ መልሰህ ስትናገር ግማሹ ይጠፋብሃል። ከጅማ ሰው ይህን የማይሰማ ጥቂት ነው፤ ላልሰማ ሰው እኔ አጠገብህ ቆሜ አስረዳለሁ። ጅሬን ስትወጡ ስለ ጠፋባችሁ ፍየል የነገርኸኝን አትተወው።

ጥያቄ፦ ፎቶግራፉን በትልቁ ልናሳትም ነው። ያለን ጉርድ ፎቶግራፍ ስለሆነ፣ አሳታሚው በኮምፒውተር ሙሉ የክብር ልብስና ሜዳልያ ሊጨምርለት ይችላል። ይጨመር?

መልስ፦ አይጨመር። ያልተሸለመውን ሜዳልያ በደረቱ ላይ መለጠፍ ከሐሰት ወረቀቱ የባሰ ነው፤ ወረቀት ይቀደዳል፣ ፎቶግራፍ ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ጉርዱ ፎቶግራፍ ደብዘዝ ቢልም ፊቱ የእርሱ ነው። ሌላም አደራ አለኝ፤ ከጓዶቹ ጋር የተነሣውን ፎቶግራፍ በስልክ አታሠራጩ። በዚያ ላይ ያሉት ልጆች ዛሬም በአገልግሎት ላይ ናቸው፤ ፊታቸውንና ያሉበትን ቦታ ማጋለጥ የእኛ ሥልጣን አይደለም።

ጥያቄ (ከእድሩ አባል)፦ የተዋጣው ገንዘብ የእብነ በረድ ሐውልት ለማሠራት ይዋል ወይስ በስሙ ችግረኛ ተማሪ ለማስተማር?

ከሌላ አባል፦ ድንጋይ ምን ይሠራለታል? ደብተርና ዩኒፎርም የሌለው ሕፃን በሰፈራችን ሞልቷል።

ከአጎቱ፦ ድንጋይ አትበል። እኔ ሄጄ የምቀመጥበት፣ ስሙን የማነብበት ቦታ እፈልጋለሁ።

ከሌላ አባል፦ ሁለቱንም ማድረግ አይቻልም? ለምን ሁልጊዜ አንዱን ጥለን አንዱን እናነሣለን?

ከእድሩ አባል፦ ገንዘቡ ለሁለት አይበቃም፤ ሒሳቡን አይቼዋለሁ።

መልስ፦ ስለ ገንዘቡ የእድሩ ጉባኤ ይወስን። እኔ ስለ ስሙ ልናገር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃና ተከታዮቹ ከ120 በላይ ሰው ሰጥተዋል፤ የወደቁት በባዕድ አፈር አልቀሩም፣ አፅማቸው ወደ አገሩ ተመልሷል፤ አዲስ አበባ አፍንጮ በር መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በትግላችን ሐውልት ግቢም በሶማሊያው ጦርነት የወደቁት የኩባ ወታደሮች ፎቶግራፍ ተሰድሯል። ከሩቅ አገር መጥተው የሞቱትን ፊት አገራችን ለማስታወስ ድንጋይ ካቆመች፣ አጎቱ ለእኅቱ ልጅ አንድ ድንጋይ ቢፈልግ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ድንጋዩ ትንሽ ይሁን፤ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ ማዕርጉና የተስተካከለው ቀን ይኑርበት። ጠመንጃና ታንክ አይቀረጽበት፤ ከፈለጋችሁ የቡና ቅርንጫፍ ይቀረጽበት። ሕፃን ማስተማሩንም እደግፋለሁ፤ ነገር ግን የሚማረው ሕፃን በማን ስም እንደሚማር፣ ያ ሰው ማን እንደነበረ ሊነገረው ይገባል። ለዚህ ደግሞ ያው የሕይወት ታሪኩ ያስፈልጋል፤ ዞሬ ዞሬ ወደዚያው የምመለሰው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ወረቀቱን ታዋቂ ሰው ቢያነብበው አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። የሚያውቀው ሰው ያንብበው።

ጥያቄ፦ የሚያነብበው ሰው ቢያለቅስና ቢያቋርጥስ?

መልስ፦ ያልቅስ። ሰዉ ይጠብቀዋል። ሁለተኛ ግልባጭ በእጄ ስለሚኖር ካልቻለ እኔ ካቆመበት እቀጥላለሁ።

ጥያቄ (ከታላቅ እህቱ)፦ ጋሼ፣ ከክፍሉ የመጣልን ሻንጣ እስከ ዛሬ አልተከፈተም። እማዬ በአልጋዋ ሥር አስቀምጣዋለች። ለጽሑፉ የሚጠቅም ነገር ሊኖርበት ስለሚችል ዘመድ ሁሉ «ክፈቱት» እያለ ይጨቀጭቃታል። እርሷ ግን ስታለቅስ ብቻ ነው የምትውለው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ አትክፈቱት። ስለ መታሰቢያ ይህን ያህል የጻፍሁት እኔ ስለ ሻንጣው ግን አንድ ቃል እንኳ አልጠይቃትም። እናትሽ የምትከፍትበትን ቀን ራሷ ታውቀዋለች፤ ላትከፍተውም ትችላለች። ዘመዶችሽንም ጸሐፊው አያስፈልገኝም ብሏል በያቸው። ለጽሑፉ የሚሆነን በቂ ነገር በሰዉ አፍ ላይ አለ። ያቺን እግሯ ያጠረ በርጩማ ብቻ በዕለቱ ከድንኳኑ ውስጥ፣ ከፎቶግራፉ ሥር እንድታስቀምጡልኝ እለምናለሁ፤ እርሷ ከፈቀደች። ሐሙስ ከሂርማታ ገበያ መልስ ደብተሬን ይዤ እመጣለሁ። እናትሽ ልትነግረኝ የምትወድደው ነገር ካለ እጽፋለሁ፤ ከሌለም ቡናዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ።