ባትሪው ነው ብለው ከመግዛትዎ በፊት

ክረምቱ ከገባ ወዲህ የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ባትሪ ሆኗል። ጠዋት ቁልፍ ሲያዞሩ “ጠቅ” ይልና ዝም። ከዚያ ሰፈሩ ይጠራል፣ መኪናው ይገፋል፣ ባለቤቱ ደግሞ ለእኔ ይጽፋል። የተጠራቀመውን ዛሬ በአንድ ላይ ልጨርሰው። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬያቸዋለሁ። በመካኒኮች ላይ የተጻፈውን እርግማንም አውጥቼዋለሁ።

ከላምበረት አንድ ወጣት፦ “ለቮልሴ ስንት አምፔር ልግዛ? ትልቅ ከሆነ ዲናሞውን ያቃጥላል ይሉኛል።”

አያቃጥልም። ፋብሪካው ለ12 ቮልቱ ቮልስ የመደበለት 36 አምፔር ሰዓት ነበር። 40 ወይም 45 ብታደርግ ደግ ነው። 70 ግን ገንዘብ መበተን ነው፤ ወንበሩ ስርም አይገባልህም። ከአምፔሩ ይልቅ ቁመቱን ለካ። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ያለችው እህት ትነግርሃለች።

ከሳር ቤት፦ አዲስ ባትሪ ካስገባች ወር አልሞላትም። ከኋላ ሰው ሲቀመጥ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። መካኒኳ “ፍሬን ነው” ብሎ ሸኝቷታል።

እህቴ፣ ወንበሩን አንስተሽ ሳታዪ ከኋላ ሰው እንዳትጭኚ።

የቮልስ ባትሪ ያለው ከኋላ ወንበር ስር በቀኝ በኩል ነው። ወንበሩ ደግሞ ከውስጡ የሽቦ ስፕሪንግ ነው። ሰው ሲቀመጥበት ስፕሪንጉ ይወርድና የባትሪውን ፖዘቲቭ ይነካል። የወንበሩ ብረት ቦዲውን ስለሚነካ ማሳ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ) ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩ በስፕሪንጉ ውስጥ ያልፋል፤ ሽቦው ይግላል፣ በላዩ ያለው ሙሌት ይጨሳል። የድሮው ሙሌት የፈረስ ፀጉርና የኮኮናት ጭረት ነው። ለመቀጣጠል ብዙ ልመና አይፈልግም።

የራሴን ልንገርሽ። ለአንድ ዘመዳችን ለሽምግልና ስንሄድ ሦስት ሽማግሌ ከኋላ ጭኜ ነበር። ደልደል ያሉ አባቶች ናቸው። አንድ ጉድጓድ ዘለልን። በቀኝ የተቀመጡት “ልጄ፣ ፀጉር ፀጉር ይሸተኛል” አሉ። መስኮት ከፈትኩላቸው። ሁለተኛውን ጉድጓድ ስንዘል ጋቢያቸውን ሰብስበው ብድግ አሉ፤ ቮልስ ውስጥ ብድግ የሚባል ነገር ካለ። ወንበሩን ስናነሳ አንዷ ስፕሪንግ ቀልታ ነበር። ሙሌቱ ላይ የሽማግሌ ጥርስ የምታህል ጥቁር ቀዳዳ ተበስታለች። ልጅቱን አልከለከሉንም፤ እኔን ግን ሁለተኛ ሾፌር አላደረጉኝም።

የእኔም ጥፋት ያንቺው ነበር፦ ረጅም ባትሪ። እዚህ ሱቅ ሄደሽ “ትንሽ ባትሪ” ስትዪ ብዙ ጊዜ የሚሰጡሽ ኤን ኤስ 40 የሚባለውን የጃፓን ዓይነት ነው። ስፋቱ ትንሽ ነው፤ ራሶቹ (ገመድ የሚታሰርባቸው) ግን ከክዳኑ በላይ ወጥተው የቆሙ ናቸው። ከነራሱ ቁመቱ 22 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። የአውሮፓው አጭሩ ዓይነት 17 ወይም 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ራሶቹም በክዳኑ ጎድጓዳ ውስጥ ገባ ያሉ ናቸው። ቮልስ የተሠራው ለእሱ ነው። ሌላም ጣጣ አለ። ተራው ኤን ኤስ 40 ራሱ ቀጭን ነው። የቮልስ ገመድ መቆንጠጫ ደግሞ ለወፍራም የተሠራ ስለሆነ የፈለገውን ያህል ቢጠብቅ ይላወሳል። ሰዎች ቆርቆሮ ይጠቀልሉበታል። አታድርጊው።

አጭሩን ካላገኘሽ መድን የሚሆንሽ ክዳን ነው። ፋብሪካው የሰጠው ክዳን ከጠፋ ቆየት ብሏል፤ የብዙዎቻችን ጠፍቷል። ወፍራም ጎማ ወይም የፕላስቲክ ሳጥን ይበቃል። ባትሪው በማሰሪያው መታሰሩንም እዪ። ዛሬውኑ። ፍሬኑን ሌላ ቀን ታሳዪዋለሽ።

ከኮተቤ፦ ቮልሷን የወረሳት ከአባቱ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ በዓል ሲሆን ዘመድ ጥየቃ፣ በቃ። በሁለት ዓመት ሦስት ባትሪ ገዝቷል። “የዘንድሮ ባትሪ ሁሉ ፎርጅድ ነው” ይላል።

ፎርጅድ የለም አልልም። ሦስቱም ግን? ወንድሜ፣ ባትሪዎቹን ሻጩ አይደለም የገደላቸው።

ባትሪ ማለት እርሳስና አሲድ ነው። ኃይል ሲሰጥ ፕሌቶቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ይፈጠራል። ቶሎ ቻርጅ ከሆነ ሰልፌቱ ይመለሳል። ጎዶሎውን ሳምንታት ከከረመ ግን እየጠነከረ ይሄዳል፤ ኋላ ቻርጀርም አይፈታውም። ባትሪ የሚያረጀው በሥራ ብቻ አይደለም። ተርቦ በመቀመጥም ያረጃል።

አሁን ያንተን እሁድ እንየው። ቁልፍ አዞርክ፤ ሞተሪኖው (ሞተሩን የሚያስነሳው) ከመቶ አምፔር በላይ ጠጣ። ዝናብ ነው። መጥረጊያው ይሠራል፣ መብራት በርቷል። መገናኛ ስትደርስ መንገዱ ተዘጋግቷል፤ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳትሰጠው) ቆሟል። የአሁን መኪና አልተርኔተር ስላለው በሚኒሞም ይሞላል። ያንተዋ ግን የድሮ ዲናሞ ናት፤ በሚኒሞ የምትሰጠው ከምንም አይቆጠርም። ቀይዋ መብራት ስትርገበገብ አይተሃታል። “ቮልስ ሁሉ እንዲህ ነው” ብለውሃል። ልክ ናቸው። ምን እያለች እንደሆነ ግን አልነገሩህም፦ “አሁን የምትበላው ከባትሪው ነው” ነው የምትለው። ሃያ ደቂቃ ሄደህ ሃያ ደቂቃ ተመለስክ። ከወሰድከው ያነሰ መለስክ። ከዚያ እስከ እሁድ።

በዚያ ላይ ደብዳቤህ መጨረሻ ላይ እንደዋዛ ጣል ያደረግከው ነገር አለ፦ አላርምና አዲስ ቴፕ አስገጥመሃል። ሁለቱ ተደምረው 50 ሚሊ አምፔር ቢስቡ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው። በ15 ቀን 18። የባትሪህ ግማሽ ማለት ነው፤ ያውም መኪናዋ ከግቢ ሳትወጣ።

አራተኛ ባትሪ ከመግዛትህ በፊት ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ግዛ። ከባትሪ ጋር ሲተያይ ዋጋው የሻይ ነው። ማታ አቁመህ ጠዋት ምንም ሳትከፍት ለካ። 12.6 ቮልት ካነበበ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ፣ 12.2 ግማሽ። 12 ላይ ከደረሰ ዛሬ ነገ ሳትል ቻርጅ አድርገው። ቀጥለህ ሞተሩን አስነሳና ነዳጅ ሰጥተህ ለካ። ከ13.8 እስከ 14.4 ባለው ውስጥ ከሆነ ዲናሞው እየሠራ ነው። 12.5 ላይ ከቀረ ወይ የዲናሞው ካርቦን አልቋል፣ ወይ ሬጉሌተሩ (ቻርጁን የሚመጥነው) ሞቷል፣ ወይ ቺንጋው (ዲናሞውን የሚያዞረው ቀበቶ) ላልቷል። 15 ካለፈ አሲዱን እየቀቀለው ነው። ይህን ለኤሌትሪሻን ስጠው፤ ሬጉሌተር በግምት የሚስተካከልበት ዘመን አልፏል።

አንድ መለኪያ ይቀራል፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው። የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ብረት ላይ አድርግ። ሰው ቁልፍ ያዙርልህ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ችግሩ ማሳው ነው። ቮልስ ላይ ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ቦዲው የምትሄድ ጠፍጣፋ የተጎነጎነች ገመድ አለች። ስትዝግ ማንም አያያትም። ያቺን “ጠቅ” ሰምተው ባትሪ፣ ቀጥለው ሞተሪኖ ገዝተው፣ በመጨረሻ ይህችን ገመድ በብረት ብሩሽ ፍቀው የሳቁ ሰዎች አውቃለሁ። አንዳንዶቹ አልሳቁም።

ከሳምንት በላይ የምትቆም ከሆነ ነጌቲቩን ንቀል። ስትፈታ ነጌቲቩን በመጀመሪያ፣ ስትገጥም ነጌቲቩን በመጨረሻ። በወር አንዴ በሦስት ወይም በአራት አምፔር ሌሊቱን ቻርጅ አድርገው። ለአባትህ መኪና ይህ አይበዛባትም።

ከድሬዳዋ አንድ አባት፦ ፔጆ 404 አላቸው። የባትሪው ውሃ ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ጋራዥ ውስጥ አሲድ ጨምረውላቸዋል፤ ለወር ያህል ደህና ሆኖ ባሰበት።

አባቴ፣ የሚያልቀው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። አሲድ በጨመሩ ቁጥር ውስጡ እየበረታ ፕሌቱን ይበላዋል። ለአንድ ወር የጠነከረ የመሰለውም ለዚሁ ነው። የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው፤ ፕሌቱን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እስኪሸፍን፣ ያውም ቻርጅ ከሆነ በኋላ። የታሸገ የመጠጥ ውሃ አይሆንም፤ ማዕድን አለው። የቧንቧው ደግሞ ይቅር። የድሬ ውሃ ጀበናውንና ማንቆርቆሪያውን ምን እንደሚያደርገው ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ሙቀቱ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በልምድ እንደሚባለው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲጨምር የባትሪ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። አዲስ አበባ አራት ዓመት የሚሄደውን ያህል እዚያ አይጠብቁበት። ውሃው በየሁለት ሳምንቱ የሚያልቅ ከሆነ ግን ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ቻርጁን ያስለኩ፤ ከ15 ቮልት በላይ ሳይሆን አይቀርም።

“አሮጌ ላንድሮቨር ገዛሁ። ፖዘቲቩ ነው ከቦዲው ጋር የታሰረው። የቀድሞው ባለቤት በስህተት አስሮት ይሆን? ልገልብጠው?”

እንዳትነካው! እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ብዙ የእንግሊዝ መኪና ማሳው ፖዘቲቭ ነበር። ዘመናዊ ቴፕ ስትገጥም ግን ይህን የማያውቅ ሰው እንዳይነካልህ።

ባለ 6 ቮልት ቮልስ ያለው አንድ አንባቢ ወደ 12 ልለውጥ ወይ ይላል። ጓደኞቹ “ባትሪውን ብቻ ቀይር፣ ይሄዳል” ብለውታል።

ይሄዳል። አምፖሎቹ ወዲያው ይሄዳሉ፣ ከዚያ ኮይሉ፣ ከዚያ የመጥረጊያው ሞተር። ከለወጥክ ዲናሞውንም፣ ሬጉሌተሩንም፣ አምፖሉንም፣ ኮይሉንም ነው። ሞተሪኖው ብቻ ነው የሚችለው፤ እሱም በጉልበት። የ12 ቮልት ሞተሪኖ ልግጠም ካልክ ደግሞ የቮላኖው (ሞተሪኖው የሚያዞረው ጥርሳም ክብ ብረት) ጥርስ አይገጥምልህም፤ የ6 ቮልቱ 109፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ ነው።

እኔን ከጠየቅከኝ ባለበት ተወው። 6 ቮልት ደካማ የሚባለው በዛገ ገመድ ነው። ቮልቱ በግማሽ ሲያንስ ለዚያው ሥራ የሚሄደው አምፔር እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ዝገት ብዙ ይወስድበታል። ፋብሪካው ወፍራም ገመድ ያደረገለት ለዚሁ ነው። አንዱ ጋራዥ በቀጭን ቀይሮት ከሆነ ወፍራሙን መልስለት። ከዚያ ራስህ ትፈርዳለህ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የምትቆም ቮልስ።

ቻርጁን ጠብቆ የሚያቆይ ትንሽ ቻርጀር ግዢና ሰክተሽ ተዪው፤ እናንተ ጋ በየሱቁ አለ። ሙሉ ባትሪ ብርዱን ይችለዋል። ባዶው ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሳይደርስ በረዶ ሆኖ ሊሰነጠቅ ይችላል።

እዚያው ከተማ ያለ ሌላ አንባቢ፦ “አስፕሪን ብጨምርበት ባትሪው ይነሳል ይባላል።”

አስፕሪኑን አንተ ዋጠው።

ስሙን ያልጻፈ ልጅ፦ የባትሪ ክዳን ሲከፍት አሲድ ፊቱ ላይ ረጨው። ዓይኑ ቀልቷል፤ “በውሃ አጥቤዋለሁ፣ ይሻለኛል መሰለኝ” ይላል።

መሰለኝ የለም። ይህን ስታነብ ያለህበት ሰዓት ምንም ይሁን ተነሳና ዓይን ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ሂድ። አሲድ ዓይን ከነካ ወዲያው በንጹህ ውሃ፣ የዐይን ቆብን ከፍቶ፣ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማፍሰስ፤ ከዚያ ሐኪም ዘንድ። ቀልቶ የቆየ ዓይን አይጠበቅም። ቅባት አታድርግበት፣ ወተት አታድርግበት፣ ሰፈር ውስጥ የሚያውቅ ሰው አትፈልግ። ሄደህ ስትመለስ ጻፍልኝ።

ሌሎቻችሁም መነጽር አድርጉ። ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ሲጋራ ይዛችሁ አትጎንበሱበት።

“የሞተውን ባትሪ ቆራሌው ጥሩ ገንዘብ ሰጠኝ። ግን አሲዱን ደፍተህ ስጠኝ አለኝ። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ እርሳሱን አቅልጦ ሊሸጥ ይፈልጋል።”

አሲዱን ቱቦ ውስጥ አትድፋ። ከነአሲዱ የሚቀበል የባትሪ ሱቅ ፈልግ፤ አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ከዋጋው የሚቀንሱልህ አሉ። የጎረቤትህን ልጅ ግን ዛሬ ሂድና አስቁመው። የእርሳስ ጭስና ብናኝ ግቢው ላይ ይቀመጣል፤ እዚያ አፈር ላይ የሚጫወት ሕፃን እጁን ወደ አፉ ይዞ ይሄዳል። የሚጎዳው አእምሮውን ነው፤ የተጎዳውም አይመለስም። ቀድሞ አቅልጦ ከሆነ የግቢው ልጆች ደማቸው ይመርመር። ይህን ለወግ ያህል አይደለም የምለው።

የመጨረሻው ከጎተራ፣ አንድ ጋሼ፦ “ባትሪ ሲሚንቶ ወለል ላይ ሲቀመጥ ይወርዳል የሚሉት እውነት ነው?”

ድሮ ሳጥኑ ከእንጨትና ከጎማ ሲሠራ እውነትነት ነበረው ጋሼ። አሁን ፕላስቲክ ነው። ይቀመጥ፤ ማታ ሲያልፉ እንዳያደናቅፍዎት ብቻ።