ከሥራ በፊት ለሚሮጡ የድሬና የሐረር ልጆች

ልጆቼ፣

ከማራቶኑ 42.195 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሩጫ ሁሉ አልትራ ማራቶን ይባላል። ለጀማሪ የሚሻለው 50 ኪሎ ሜትሩ ነው። ከተማ ነጋሳ እ.ኤ.አ. በ2021 ደቡብ አፍሪካ ላይ ይህን ርቀት በ2፡42፡07 ገብቶ የዓለም ክብረ ወሰን ይዞ ነበር። ቀኑን ቢሮ ወይም ፋብሪካ የሚውል ሰው ግን ይህን ርቀት ለመጨረስ ከ6 እስከ 8 ሰዓት እግሩ ላይ ይቆያል፤ መንገዱ ዳገት ከበዛበት ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ ዋናው ልምምዳችሁ ቀስ ብሎ ብዙ መቆየት፣ እየሄዱ መብላትና በደከመ እግር ቁልቁለት መውረድ ነው።

ሠራተኛን ከልምምድ የሚያስወጣው ብዙውን ጊዜ ጉልበት ማጣት ሳይሆን እንቅልፍ ማጣት ነው። ዕቅዳችሁን ከመኝታ ሰዓት ጀምሩት። ከሌሊቱ 10፡30 ለመነሳት ማታ 3 ሰዓት አልጋ ላይ መገኘት ግድ ነው። ድሬ ላይ ይህ ቀላል አይደለም፤ ከተማዋ የምትነቃው ፀሐይ ስትጠልቅ ነውና። እንቅልፋችሁ ከ6 ሰዓት ካነሰ የዚያን ቀን ልምምድ በግማሽ ቀንሱ፤ ሁለት ሌሊት ከተከታተለ ጭራሽ ተዉት። አዳር ተረኛ የሆነ ሰው ከሥራ እንደወጣ አይሩጥ። ይተኛና አመሻሹ ላይ 40 ደቂቃ ይበቃዋል።

ስለ ጫት በግልጽ ልናገር። የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍን ያባርራል፤ ሦስቱም የሯጭ ጠላቶች ናቸው። በውስጡ ያለው ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር በፀረ ዶፒንግ ሕግ በውድድር ወቅት የተከለከለ ነው፤ ካቲን የተባለው ሌላው ደግሞ በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ከ5 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ ያስቀጣል። «አቦ፣ ቅዳሜ ብቻ ነው» የሚል ሰው የእሁዱን ረጅም ሩጫ በዚያችው ቅዳሜ ያበላሸዋል።

ልምምዱን ለመጀመር ያለ ሕመም በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር የምትሮጡ መሆን አለባችሁ። እዚያ ካልደረሳችሁ ሦስት ወር እሱ ላይ ቆዩ። ከዚያ 18 ሳምንት ያስፈልጋል። ሦስት ሳምንት በየሳምንቱ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ጨምሩ፣ በአራተኛው ሩቡን ቀንሱ፤ ጣሪያው ከ65 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ይሁን። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ለሚሠራ ሰው የሚመቸው ቅዳሜ ንጋት ላይ 90 ደቂቃ፣ እሁድ ደግሞ ረጅሙን መሮጥ ነው። የእሁዱ ከ20 ኪሎ ሜትር ተነስቶ እስከ 32 ይደርሳል። በደከመ እግር መጀመሩ ሆን ተብሎ ነው፤ ሙሉ 50ውን በልምምድ መሮጥ ጥቅሙ ከጉዳቱ ያንሳል። በሥራ ቀናት ከ45 እስከ 70 ደቂቃ ሦስት ጊዜ ይበቃል። ፍጥነቱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ የሚያስወራ ይሁን። ሰኞና ዓርብ ዕረፍት ነው።

ቦታን በተመለከተ ዕድለኞች ናችሁ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው ደንገጎ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ በመካከላቸው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ መንገድ አለ። ዳገቱ ሲከብድ እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጋችሁ ሂዱ፤ በአልትራ ዳገት ላይ መራመድ አያሳፍርም። ጀማሪን የሚሰብረው ግን ቁልቁለቱ ነው። የጭን ጡንቻ ክብደት ተሸክሞ ሲለጠጥ ቃጫዎቹ ይጎዳሉ፣ ሕመሙም በሁለተኛው ቀን ይብሳል። መፍትሔው በጥቂቱ ማስለመድ ነው፤ በሚኒባስ ውጡና መጀመሪያ 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ወርዳችሁ ቁሙ። በየሁለት ሳምንቱ 2 ኪሎ ሜትር እየጨመራችሁ እስከ 11 አድርሱት፣ ከውድድሩ ሦስት ሳምንት በፊት አቁሙ። እርምጃችሁ አጭርና ፈጣን ይሁን። የጭነት መኪና ስለሚበዛ ፊታችሁን ወደሚመጣው መኪና አድርጋችሁ ከአስፋልቱ ውጭ ሩጡ፤ በጨለማ ግን አትሞክሩት።

ሐረር ያላችሁ የጀጎልን ግንብ በውጭ መዞር ትችላላችሁ። አንዱ ዙር 3 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ውሃችሁን አንድ በር ላይ አስቀምጣችሁ መብላት መጠጣቱን በየዙሩ መለማመድ ያመቻል። ጅቡ በከተማው ሰው የለመደ ቢሆንም ጎህ ሳይቀድ ብቻችሁን አትውጡ። ድሬ ላይ ደግሞ የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ለቁርጭምጭሚት ግሩም ማጠንከሪያ ነው፤ በሳምንት 20 ደቂቃ ይበቃል። ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ ከተራራው ጎርፍ ሊመጣ እንደሚችል ግን አትርሱ፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የጨረሰው ያ ወንዝ ነው። ተራራው ከጠቆረ አትግቡ።

ውሃን በግምት አትጠጡ። ልብሳችሁን አውልቃችሁ ተመዘኑ፣ አንድ ሰዓት ሩጡ፣ ላባችሁን ጠርጋችሁ እንደገና ተመዘኑ። 62 ኪሎ የነበረ 61.1 ሆኖ በመሃል 0.4 ሊትር ከጠጣ በሰዓት 1.3 ሊትር አልቦታል ማለት ነው። ያን ሁሉ መልሶ መጠጣት ሆድን ያውካል፤ በሰዓት ከ500 እስከ 800 ሚሊ ሊትር ጠጥቶ ፍጥነትን መቀነስ ይሻላል። ከውድድር ክብደት ጨምሮ የወጣ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ጨው ቀጥኖ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከውሃ ጥም የከፋ አደጋ ነው። አንድ የኦአርኤስ (ለተቅማጥ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ዱቄት) ፓኬት ለአንድ ሊትር የተመጠነ ነው። ለሩጫ ግማሹን በአንድ ሊትር በጥብጣችሁ አራት ለጥ ያለ የሾርባ ማንኪያ ስኳር ጨምሩ፤ 850 ሚሊ ግራም ያህል ሶዲየምና 55 ግራም ገደማ ስኳር ይሰጣችኋል።

ምግብ በሰዓት ከ30 ግራም ካርቦሃይድሬት ጀምራችሁ ወደ 60 አሳድጉ። አንድ ሙዝ 25 ግራም ገደማ፣ አምስት ትናንሽ ተምር 30 ገደማ ይሰጣል። በሶ ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጥሩ ነው፤ በኋላ ሆድ ላይ ይከብዳል። ደረቁን ይዛችሁ መንገድ ላይ በጥብጡት፤ የተበጠበጠው በድሬ ሙቀት ቶሎ ይበላሻል። ፈጢራውና ፉሉ ከሩጫ በኋላ ይድረሱ። ቅባት ሆድ ውስጥ ስለሚቆይ ከሩጫ በፊት አይሆንም። ረመዳንና ዐቢይ ጾም ከከባዱ ሳምንታት ጋር እንዳይገጥሙ የውድድር ቀናችሁን አስቀድማችሁ ቁጠሩ። በጾም ሰሞን ከማፍጠሪያ በፊት 30 ደቂቃ ቀላል ሩጫ ይበቃል።

ድሬ ላይ በግንቦትና በሰኔ ረጅሙ ሩጫ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ይለቅ። ሰውነት ሙቀት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። አብሯችሁ የሚሮጠው ሰው ንግግሩ ከተዛባ ወይም ከተንገዳገደ፣ ላብ ቢኖረውም እንኳ፣ ጥላ ውስጥ አስገቡትና መላ ሰውነቱ ላይ ውሃ አፍስሱ፤ መኪና ፍለጋው ከዚያ ቀጥሎ ይሁን። ለሕመም ብላችሁ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ውጣችሁ አትሩጡ። ደም ወደ ኩላሊት በሚቀንስበት ሰዓት ኩላሊትን ይጎዳል።

ጫማ ድሬ ካሉት ከአሸዋ ወይም ከታይዋን ገበያ የምትገዙ ከሆነ ሶሉን በአውራ ጣት ጫኑት፤ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ወይም ጎኑ ላይ የተጨማደደ መስመር ካለው ሞቷል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ እዩት፤ ወደ አንድ ጎን ካጋደለ ተዉት። እግር ስለሚያብጥ ከፊት የአውራ ጣት ስፋት ይትረፍ።

ውድድሩ እሁድ ከሆነ የሰኞን ፈቃድ ከወር በፊት ጠይቁ። ለሁለት ሦስት ቀን ደረጃ መውረድ ያስቸግራችኋል፤ ይህ የተለመደ ነው። ሽንታችሁ የኮካ ኮላ መልክ ከያዘ ግን የጡንቻ ፍርስራሽ ኩላሊት ላይ እየደረሰ ሊሆን ስለሚችል ያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ሂዱ። አንድ ሳምንት አትሩጡ፤ በሁለተኛው ሦስት ጊዜ 30 ደቂቃ ይበቃል። ለሚቀጥለው ውድድር ቢያንስ አንድ ወር ሳይሞላ አትመዝገቡ።