ሻዩን ሳይጨርስ የተነሣው ሰው

ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን ከእናንተ አንዷ ማኪያቶዋን እያማሰለች፣ "ጋሼ፣ ጎበዝ ዲፕሎማት ማለት ምን ዓይነት ሰው ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁና ወሬ ቀየርኩ። ዕድሜውን ሙሉ ከፋይል ጋር ሲታገል ኖሮ ጡረታ ለወጣ ሰው ይህ ያሳፍራል። ማታ ቤቴ ገብቼ ጋደም ስል ግን ያ ፀጉረ ነጭ ሰውዬ ትዝ አለኝ። ኤድዋርድ ሼቫርድናዜ፤ የሶቪየት ኅብረት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ በኋላም የጆርጂያ መሪ የነበረው።

ጆርጂያዊ ነው። ጆርጂያ ስል የአትላንታዋን እንዳይመስላችሁ። ካውካሰስ ተራሮች ሥር ያለችውን፣ ያኔ የሶቪየት ኅብረት አካል የነበረችውን፣ እንደኛው የራሷ ፊደል ያላትን፣ እንደኛው ቅዱስ ጊዮርጊስን የምትወደውን ትንሽ አገር ማለቴ ነው። ቀኖቹንም ወሮቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። ወደ እኛው ስቀይር ከምሳሳት ይሻላል።

ደግሞ ጻድቅ ነበር አልላችሁም። የአገሩ ሰዎች "ነጭ ቀበሮ" ይሉት ነበር። ሙገሳም ስድብም ነው።

የተወለደው በ1928፣ በምዕራብ ጆርጂያ ጉሪያ በሚባል አካባቢ፣ ማማቲ በምትባል መንደር ነው። አባቱ አስተማሪ ነበሩ። ወላጆቹ ሐኪም እንዲሆንላቸው ተመኙ፤ እሱም ዋና ከተማዋ ትቢሊሲ ሄዶ ሕክምና ጀምሮ ነበር። በወጣት ኮሚኒስቶች ማኅበር በኩል ግን ፖለቲካው ወሰደው። ወንድሙ አካኪ ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን በወረረችበት በ1941፣ ቤላሩስ ድንበር ላይ ባለው ብሬስት ምሽግ ተገደለ። ይህን ወንድም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ናኑሊን ወደደ። የናኑሊ አባት በስታሊን ዘመን "የሕዝብ ጠላት" ተብለው ተረሽነዋል። እኔን ካገባህ እድገትህ ይበላሻል ብላ እምቢ አለችው። ልጅቷ አልተሳሳተችም፤ በዚያ ዘመን የአማት ታሪክ ሰውን ከሥራ ያስባርር ነበር። እሱ ግን አገባት። ወላጆቻችሁ የቀይ ሽብርን ጊዜ ካዩ፣ እንዲህ ያለ ጋብቻ ስንት ድፍረት እንደሚጠይቅ እነሱ ይንገሯችሁ።

መጀመሪያ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ማለትም የፖሊሱ አለቃ ሆነ። በ1972 ደግሞ የጆርጂያ ኮሚኒስት ፓርቲ አንደኛ ጸሐፊ ተደረገ። አገሪቱ ያኔ በጉቦ የተዘፈቀች ነበረች። እኛ "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" እንላለን። እነሱም ቢሮ ውስጥ ሳይጽፉት የሚኖሩበት ሕግ ይኸው ነበር። ስለ እሱ የሚተረክ አንድ ወግ አለ። ባለሥልጣኖቹን ሰብስቦ፣ ድምፅ ስትሰጡ ግራ እጃችሁን አውጡ አላቸው። እጆቹ ሲወጡ ውድ ውድ የውጭ አገር ሰዓቶች አብረው ብቅ አሉ። አውልቁና ለመንግሥት አስረክቡ አለ ይባላል።

በዚያው ልክ ሞስኮን የሚያሞግስ ሰው ነበር። በ1976 በፓርቲው ጉባኤ ላይ፣ ለጆርጂያ ፀሐይ የምትወጣው ከምሥራቅ ሳይሆን ከሰሜን፣ ከሩሲያ ነው ብሎ ተናግሯል። በእሱ ዘመን ተቃዋሚዎች ታስረዋል። ትቢሊሲ ውስጥ ይህን የማይረሱለት ሰዎች ነበሩ፤ ልክ ናቸው።

እኔ ግን ልቤ የሚሄደው ወደ ሚያዝያ 14 ቀን 1978 ነው። በአዲሱ የሕገ መንግሥት ረቂቅ ላይ ጆርጂያኛ የመንግሥት ቋንቋነቱን ሊያጣ ሆነ። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች፣ ወደ መንግሥት ሕንፃ ተመሙ። ዘመኑ የሶቪየቱ መሪ የብሬዥኔቭ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰልፍ በጥይት ሊያልቅ ይችል ነበር። ከዚያ በፊት በ1956 እዚያው ከተማ ውስጥ ሰልፈኛ ላይ ተተኩሷል። ሼቫርድናዜ መስኮት ዘግቶ አልተቀመጠም። ከሞስኮ ጋር ተደራደረ፤ ከዚያ ወጥቶ ሕዝቡን ራሱ አናገረ። ቋንቋችሁ ባለበት ይቆያል አላቸው። ቆየም። ጆርጂያውያን ዛሬም ያን ቀን የቋንቋቸው ቀን አድርገው ያስቡታል።

አለቃ ስትሆኑ፣ መሆናችሁ አይቀርምና፣ የቢሮን ደረጃ ወርዶ ከሰው ፊት መቆምን ተለማመዱ። ከፎቅ ላይ ሰው ሁሉ አንድ ይመስላል።

በ1985 አዲሱ የሶቪየት መሪ ጎርባቾቭ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አድርጎ ሲሾመው ዓለም ጉድ አለ። ከእሱ በፊት የነበሩት ግሮሚኮ ወንበሩ ላይ 28 ዓመት ተቀምጠዋል። እሱ ኤምባሲ ውስጥ አንድ ቀን ሠርቶ አያውቅም። እንግሊዝኛ የለውም። ሩሲያኛው ራሱ የጆርጂያ ቅላጼው ይጮኽ ነበር። እኛ መሥሪያ ቤት ውስጥ የነበሩ ትልልቅ ሰዎች ሳቁ፤ እኔም ለመመሳሰል አብሬ ሳቅኩ። ሳቃችን ብዙ አልቆየም። በ1987 መጨረሻ ከ500 እስከ 5,500 ኪሎ ሜትር የሚወነጨፉ የምድር ሚሳይሎችን ጭራሹን የሚያስወግድ ውል ከአሜሪካ ጋር ተፈረመ። በየካቲት 1989 የሶቪየት ጦር ከአፍጋኒስታን ጠቅልሎ ወጣ።

እንዴት አደረገው? ከጠረጴዛው ወዲያ ያለውን ሰው እንደ ሰው ማየት ይችል ነበር። በመስከረም 1989 አሜሪካዊው ሚኒስትር ጄምስ ቤከር ዋዮሚንግ፣ ተራራና ወንዝ ወዳለበት አገር ጋበዘው። ቤከር የካውቦይ ቡትስ ሰጠው። እሱ ደግሞ ኢየሱስ ሕዝብ ሲያስተምር የሚያሳይ ሥዕል ሰጠ። እግዜር የለም የሚል መንግሥት ሚኒስትር እኮ ነው! ስጦታ ስትመርጡ ከመሥሪያ ቤቱ መጋዘን የሚወጣውን ሳይሆን እንዲህ የሚያናግረውን ምረጡ።

አሁን ወደ ወንድሙ ልመለስ። በ1990 የጀርመን መዋሐድ ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። ለሶቪየት ሕዝብ ይህ ተራ ውል አይደለም። በዚያ ጦርነት ከሃያ ሚሊዮን በላይ ሰው አልቆበታል። በሰኔ ወር ሼቫርድናዜ የምዕራብ ጀርመኑን ሚኒስትር ሃንስ ዲትሪሽ ጌንሸርን ሌላ ቦታ ሳይሆን ብሬስት ላይ ተቀበለው። ሁለቱ አብረው ወደ አካኪ መቃብር ሄዱ፤ አበባ አኖሩ። ወንድሙን ከገደለው አገር ሚኒስትር ጋር፣ ወንድሙ መቃብር ላይ። መስከረም 12 ቀን ሞስኮ ላይ የመጨረሻውን ውል ፈረሙ። እኔ ስንት የዲፕሎማሲ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ እንደዚያች የመቃብር ጉብኝት ያስተማረኝ ገጽ የለም። ቂሙን ረስቷል ማለቴ አይደለም። ሐዘኑን ሳይደብቅ ነው የተደራደረው።

ሌላም አለ። በጥቅምት 1989 የሶቪየት ሸንጎ፣ ማለትም ፓርላማው ፊት ቆሞ፣ ሳይቤሪያ ውስጥ ክራስኖያርስክ አጠገብ የሠራነው ትልቅ ራዳር ከአሜሪካ ጋር የፈረምነውን ውል የጣሰ ነው ብሎ አመነ። መንግሥቱ ለዓመታት ሲክደው የኖረ ነገር ነው። ይህን በሰማሁበት ሰሞን እኔ አለቃዬን ላለማስቀየም አንድ ሪፖርት አለስልሼ ጽፌ ነበር። "ሁኔታው አሳሳቢ ነው" የሚለውን "ሁኔታው ክትትል የሚያስፈልገው ነው" አልኩት። አለቃዬ ደስ አለው፤ እኔም ተመሰገንኩ። ከሁለት ወር በኋላ ሁኔታው ፊታችን ላይ ፈነዳ። ስለዚያች ሪፖርት ዛሬም ሌሊት የምነቃበት ጊዜ አለ።

እኛንም የነካ ነገር ነበር። ምፅዋ በ1990 መጀመሪያ በሻዕቢያ እጅ ገብታ የእርዳታ እህሉ መንገድ ተዘጋ። በሰኔ ዋሽንግተን ላይ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ስለ ኢትዮጵያ የጋራ መግለጫ አወጡ፤ የአሜሪካ እህል በሶቪየት አውሮፕላን ይጓጓዛል የሚል። ለዓመታት አንዱ ለእኛ፣ ሌላው ለጎረቤታችን ጠመንጃ ሲያቀብሉ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሳነበው ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅኩም።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1990 በሬዲዮ ሰማሁት። ሸንጎው ፊት ወጥቶ አምባገነንነት እየመጣ ነው አለ። ሥልጣኔን ለቀቅኩ ብሎ ወረደ። ጎርባቾቭ ራሱ አስቀድሞ አላወቀም። ስምንት ወር ሳይሞላ፣ በነሐሴ 1991 ታንኮቹ ሞስኮ ጎዳና ላይ ነበሩ። ያኔ በስልሳ ሦስት ዓመቱ ቢያርፍ ኖሮ ደብዳቤዬ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር።

አላረፈም። በ1992 መጋቢት በእርስ በርስ ጦርነት የቆሰለች አገሩ ጠርታው ሊመራት ተመለሰ። በዚያው ዓመት ተጠመቀ፤ ስመ ጥምቀቱ ጊዮርጊስ ነው። ልገንጠል ባለችው የአብካዚያ ግዛት ላይ ጦርነት ተነሣ። በመስከረም 1993 የአብካዚያ ዋና ከተማ ሱኩሚ ስትወድቅ እሱ ከተማዋ ውስጥ ነበር፤ እስከ መጨረሻው ቀን አልወጣም። ከተማዋ ግን ወደቀች፤ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ጆርጂያውያን ተፈናቀሉ። በ1995 በመኪና ቦምብ፣ በ1998 ደግሞ መኪናው ላይ ሮኬት ተተኩሶ ሊገድሉት ሞከሩ። ተረፈ። የካስፒያንን ነዳጅ ከባኩ በትቢሊሲ አድርጎ ቱርክ ወደብ የሚያደርሰው 1,768 ኪሎ ሜትር ቧንቧ የእሱ ዘመን ስምምነት ነው። ይህን ሁሉ ለእሱ እቆጥርለታለሁ።

ግን መብራት የለም። ትቢሊሲ በክረምት ብርድ በሻማ ታድር ነበር። ጡረተኛው አበሉን በወቅቱ አያገኝም። የቤተሰቡና የወዳጆቹ ስም ከትልልቅ ንግዶች ጋር ይነሣ ጀመር። በ2001 ወጣቱ የፍትሕ ሚኒስትር ሳካሽቪሊ ካቢኔ ስብሰባ ላይ የሚኒስትሮችን የተንጣለለ ቪላ ፎቶ ይዞ ገባ። ይህ በምን ደመወዝ ተሠራ ብሎ ጠየቀ። እንግዲህ አስቡት። በ1972 ሰዓት አስወልቆ ነበር የተባለለት ሰው ያንን ፎቶ እያየ ተቀምጧል። ምንም አላደረገም። ሳካሽቪሊ ከሥልጣን ወጣ፤ ቪላዎቹ ቆሙ።

ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ሰውየው አልከፋም፤ አረጀ። ዙሪያውን የሞሉት እንደ እኔ ሪፖርት የሚያለሰልሱ ሰዎች ሆኑ። ደረጃውን የሚወርድበት ጉልበት ሲያጣ፣ ውጭ ያለውን የሚያየው በእነሱ ዓይን ብቻ ሆነ። እናንተ አለቃችሁን ስታሞግሱት እየጠቀማችሁት ይመስላችኋል። እዚያ ቤት ውስጥ ናኑሊና አንድ ሁለት ደፋር ሰው ብቻ ሳይሆኑ ብዙ ተናጋሪዎች ቢኖሩ ኖሮ እላለሁ። ምኞት ነው።

በኅዳር 2003 ምርጫ ተጭበረበረ ተባለ፤ ተጭበርብሯልም። ሰው ለሦስት ሳምንት መንገድ ላይ ወጣ። ኅዳር 22 ቀን አዲሱን ፓርላማ እየከፈተ ንግግር ሲያደርግ በሩ ተከፈተና ሳካሽቪሊና ተከታዮቹ ጽጌረዳ ይዘው ገቡ። በ1978 እሱ ወደ ሰው ወጥቶ ነበር፤ በ2003 ሰው ወደ እሱ ገባ። ጠባቂዎቹ ክንዱን ይዘው አወጡት። የጀመረው ሻይ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ሳካሽቪሊ አንሥቶ ጠጣው። የዚያ ሻይ ጠጪ ታሪክ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ይፈልጋል።

የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ። ወታደር ነበረው። በማግስቱ ግን አልተኩስም ብሎ ሥልጣኑን ለቀቀ። አንድ ሰው አልሞተም። ከዚያ ጋዜጠኞቹን፣ ወደ ቤቴ ልሄድ ነው አላቸው።

ሄደም። ናኑሊ በዓመቱ ሞተች፤ ግቢያቸው ውስጥ ቀበራት። እሱ በሐምሌ 2014 በ86 ዓመቱ ሲያርፍ፣ እኔን ካገባህ እድገትህ ይበላሻል ካለችው ሴት ጎን አኖሩት።