ሰርቨሩን አፕግሬድ ሳደርግ ዳታቤዙ ተቋረጠ፤ ኪሳራው ከደመወዜ ይቆረጣል?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግንባታ ዕቃ አስመጪ ድርጅት የአይቲ ባለሙያ ነኝ። ደመወዜ 24,000 ብር ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሥራ አስኪያጁ በቴሌግራም ‹እሁድ ገብተህ ሰርቨሩን አፕግሬድ አድርገው› አሉኝ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ሠርቼ ሰርቨሩ የሚሠራበትን ሲስተም፣ ኡቡንቱን፣ ከ18.04 ወደ 20.04 አሳደግኩት። ሰኞ ጠዋት የሽያጭ ሲስተሙ ከዳታቤዙ ጋር አልገናኝም አለ። ሁለት ቀን ሽያጭ ቆመ። ከውጭ የመጣ ባለሙያ በሦስት ሰዓት አስተካከለው፤ አንድም መረጃ አልጠፋም። አሁን የባለሙያው 30,000 ብር እና ‹ያጣነው ሽያጭ› የተባለ 210,000 ብር፣ በየወሩ 12,000 እየተቆረጠ እንዲከፈል ፈርም ተብያለሁ። ካልፈረምኩ እንደምባረር፣ ክሊራንስም እንደማላገኝ ተነግሮኛል። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አይፈርሙ። የቀረው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል፤ ይህ ግን ዛሬ ነገ የማይባል ስለሆነ አስቀደምኩት።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 አሠሪ እንደፈለገ ከደመወዝ እንዲቆርጥ አይፈቅድም። ሕግ፣ ኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያስፈልገዋል። እነዚህ ከሌሉ የሚቀረው የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ነው። ወረቀቱን ይዘው የሚከታተሉዎት ለዚህ ነው። የፍርድ ቤት ትዕዛዝ በእጃቸው ቢኖር ፊርማዎን ባልጠየቁ ነበር። ድርጅቱ የሥራ ደንብ ካለው ግን ቅጂውን ይጠይቁና ስለ ቅነሳ የሚለውን በደንብ ያንብቡት።

ቢፈርሙ እንኳ 12,000 ብሩ ሕግ ይጥሳል። በማንኛውም ጊዜ የሚቆረጠው ሁሉ ተደምሮ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ አይችልም። የእርስዎ 8,000 ብር ነው። ግማሽ ደመወዝ ተቆርጦበት የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው እንዴት እንደሚሆን አሠሪዎ ያውቁታል፤ ሕጉም ጣሪያውን ያስቀመጠው ይህንን አስቦ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቱ እንምጣ። የላኩልኝን የባለሙያውን ሪፖርት አነበብኩት፤ ከደብዳቤያቸው ይልቅ ለእርስዎ ይጠቅማል። ዳታቤዙን የሚያንቀሳቅሰው ፖስትግሬስ የሚባል ፕሮግራም ነው። ኡቡንቱ ሲያድግ ቁጥር 12 የሚባለው አዲስ ፖስትግሬስ ከአሮጌው ቁጥር 10 ጎን ተተከለ። አሮጌው ፖርት 5432ን (ሌሎች ፕሮግራሞች የሚገናኙበትን የበር ቁጥር) ይዞ ስለነበር አዲሱ 5433 ተሰጠው። መጨረሻ ላይ ማሽኑ «ያረጁ ፓኬጆች ይወገዱ?» ብሎ ሲጠይቅ እርስዎ «አዎ» አሉ። በዚያች አንዲት መልስ የአሮጌው ፖስትግሬስ ፕሮግራም ተነሳ። የሽያጭ ሲስተሙ ሰኞ ጠዋት እንደልማዱ 5432ን ሲያንኳኳ የሚከፍትለት አልነበረም። የደንበኞች ሒሳብ ግን በአሮጌው ፎልደር ውስጥ እንዳለ ተቀምጦ ነበር። ባለሙያው የሠራው አሮጌውን ፕሮግራም መልሶ ማስገባት፣ መረጃውን ወደ አዲሱ ማዛወርና ፖርቱን ወደ 5432 መመለስ ነው።

ስህተት የለብዎትም አልልም። እሁድ ከመውጣትዎ በፊት አንድ የሽያጭ ኮምፒውተር ከፍተው አንድ ደረሰኝ ቢሞክሩ ኖሮ ችግሩን ያኔውኑ ያዩት ነበር። ይህ በፍርድ ቤት ይነሳብዎታል፣ ይዘጋጁበት። ግን ቅዳሜ ማታ ባክአፕ (የመረጃውን መጠባበቂያ ቅጂ) ወስደዋል። የታዘዙትን ሥራ በታዘዙበት ቀን ሠርተዋል። ማሽኑ ራሱ ያቀረበውን ጥያቄ ነው የመለሱት። የኡቡንቱ 18.04 መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ግንቦት 2015 ላይ አብቅቷል፤ ስለዚህ አፕግሬዱ ራሱ የግድ ነበር። መሞከሪያ ሰርቨር እንዲገዛ ጠይቀው «በጀት የለም» የተባሉበትም መልእክት አለ። እሱን መልእክት እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁት።

አዋጁ በአንቀጽ 27 ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት የሚጠይቀው ጉዳቱ ሆነ ተብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት መድረሱን ነው። ከባድ ቸልተኝነት ማለት ማንኛውም ባለሙያ ሊያደርገው የማይገባውን ግዴለሽነት ነው። ባክአፕ ሳይወስዱ፣ ማንንም ሳያሳውቁ፣ በሥራ ሰዓት መሐል ቢነኩት ኖሮ ሌላ ነገር እነግርዎት ነበር። በእኔ እምነት የእርስዎ እዚያ አይደርስም። አሠሪው በዚህ አንቀጽ ሊጠቀም ከፈለገ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ጉዳዩን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀናት ካለፉም መብቱ ይቀራል። ስንብቱ ሕገወጥ ከተባለ ወደ ሥራ መመለስ ወይም ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሰው ካሳው የ180 ቀን ደመወዝ ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያጣሩ። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። ሆኖም «የአይቲ ኃላፊ» የሚል መጠሪያ ብቻውን የሥራ መሪ አያደርግዎትም። የሚታየው ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማሰናበት ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ የመወሰን ሥልጣን ያለዎት መሆኑ ነው።

210,000 ብሩንስ? ያልተሸጠ ዕቃ መጋዘን ውስጥ አለ። ሽያጭ ትርፍ ማለት አይደለም፤ ሰኞ ሲሚንቶ አጥቶ የተመለሰው ደንበኛ ረቡዕ መጥቶ ገዝቶም ሊሆን ይችላል። አሠሪው ካሳ ከፈለገ ይክሰስ። ጥፋትዎን፣ የጉዳቱን ልክና በሁለቱ መካከል ያለውን ግንኙነት ማስረዳት የእርሱ ፋንታ ነው።

እንዲያውም እርስዎም የሚጠይቁት ገንዘብ አለ። በሳምንት ዕረፍት ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓት በእጥፍ ይከፈላል። በወር 208 ሰዓት ብንይዝ የአንድ ሰዓት ክፍያዎ 115 ብር ከ38 ሳንቲም ይሆናል። ለእሁዱ 8 ሰዓት ወደ 1,846 ብር ይደርሳል። ትርፍ ሰዓት በአሠሪው ትዕዛዝ መሠራት ስላለበት «እሁድ ገብተህ» የምትለዋ የቴሌግራም መልእክት ማስረጃዎ ናት። ይህ የክፍያ ጥያቄ ደግሞ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል።

ክሊራንሱን በተመለከተ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃ በሕግ የሚገባዎት ነው። በዕዳ ክርክር ሊይዙብዎት አይችሉም።

አደራ የምልዎት ደግሞ አለ። ማስረጃ ልሰብስብ ብለው የድርጅቱን ዳታ በፍላሽ ይዘው አይውጡ። ተናድደውም ፓስወርድ አይቀይሩ። ከተሰናበቱ በኋላ «ሎጉን (ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ብቻ ልይ» ብለው ሰርቨሩ ውስጥ አይግቡ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ከዚህ ውስጥ በወንጀል የሚያስከስስ አለ፤ ዛሬ ያለዎትን ጠንካራ አቋም በአንድ ሌሊት ያጡታል። በስልክዎ ያለውን መልእክት ይያዙ፤ ሎጉ እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱ እንዲያዝልዎ ይጠይቁ።

ነገ ጠዋት አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። «የተጠየቅኩትን ገንዘብ የመክፈል ኃላፊነት የለብኝም፤ ከደመወዜ እንዲቆረጥም አልስማማም። እሁድ ለሠራሁት 8 ሰዓት የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንዲፈጸምልኝ እጠይቃለሁ» ይበቃል። በሁለት ቅጂ ያድርጉት፤ በአንዱ ላይ መዝገብ ቤቱ ማኅተምና ቀን ያሳርፍልዎ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ይላኩትና ደረሰኙን ይያዙ። ከዚህ በኋላም ከቆረጡ የዚያን ወር የደመወዝ ማስረጃ ይዘው ወደ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሂዱ፤ ሠራተኛ ለዚህ ዓይነት ክስ የዳኝነት አይከፍልም።