«አሪፍ ነው» ሲሏችሁ አትመኑ

ሰላም ወገን፣ ውጭ ያላችሁት እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን ከሲያትልም ከቶሮንቶም ከዱባይም የሚደውልልኝ ሰው ጥያቄው አንድ ሆኗል፣ «ኪውኤ ላይ ነኝ፣ ወይ ከስተመር ሰፖርት ላይ ነኝ፣ ፕሮዳክት ማኔጀር መሆን ፈልጌ ነበር፣ የትኛውን ሰርተፍኬት ልውሰድ?» ይሉኛል (ኪውኤ ሶፍትዌሩ ስህተት እንዳለበት የሚፈትሽ ነው፣ ፕሮዳክት ማኔጀር ደሞ ምርቱ ላይ ምን እንደሚሰራና ምን እንደማይሰራ የሚለይ)። እኔ ደሞ ሰርተፍኬቱን ተወውና መጀመሪያ ስለ ይሉኝታህ እናውራ እላለሁ፣ ይስቃሉ። ቀልዴን ግን አይደለም። የሁለት ቀን ኮርስ ወስዶ ወረቀቱን ሊንክዲን ላይ መለጠፍ ይቻላል፣ ቃላቶቹንም ሮድማፕ፣ ባክሎግ፣ ስፕሪንት ምናምን እያሉ መልመድ ቀላል ነው። ስራው ግን ሰው እውነቱን እንዲነግርህ ማድረግና «አይ፣ ይሄን አንሰራም» ማለት ነው፣ ሁለቱንም ደሞ እኛ ስናድግ እንዳናደርጋቸው ተቆንጥጠን ነው ያደግነው።

እኔ አሜሪካ 13 ዓመት ኖሬያለሁ። ፓርኪንግ ሰራሁ፣ ከዛ ቴስተር ሆንኩ፣ ከዛ አንዷ አለቃዬ «አንተ ባጉን (የሶፍትዌሩን ስህተት) ብቻ ሳይሆን ሰውየው ለምን እዛ ጋ እንደገባም ትፅፋለህ» ብላ ወደ ፕሮዳክት ቲም ወሰደችኝ። አሁን ሐዋሳ ከተመለስኩ አራተኛ ዓመቴ ነው፣ ከቤቴ ሆኜ ለውጭ ድርጅት እሰራለሁ፣ መብራትና ኔትወርክ ሲፈቅዱ ማለቴ ነው። የምነግራችሁን ነገር ግን እዛ ስብሰባ ላይ አይደለም የተማርኩት፣ እዚሁ አሞራ ገደል አሳ ገበያ ነው፣ ያውም አፍሬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንደተመለስኩ ሰሞን የሁላችንም በሽታ ያዘኝ፣ አፕ የመስራት በሽታ። ሐይቁ ላይ የሚያጠምዱት ልጆች ጠዋት ያወጡትን አሳ ስልካቸው ላይ ይመዘግባሉ፣ የከተማው ምግብ ቤቶች አፑ ላይ አይተው ያዛሉ፣ ባጃጅ ያደርሳል፣ ክፍያው በቴሌብር። ወረቀት ላይ ስታዩት ቆንጆ ነው። እኔም የሰለጠንኩ መስሎኝ ዩዘር ኢንተርቪው (ተጠቃሚውን ቀርቦ መጠየቅ) ልስራ ብዬ ከፒያሳ እስከ ሐይቁ ዳር ምግብ ቤት ለምግብ ቤት ዞርኩ፣ ሁሉም «በጣም አሪፍ ነው»፣ «እንዲህ አይነት ነገር ነው ያጣነው»፣ «ጎበዝ የኔ ልጅ፣ አገርህን አልረሳህም» አሉኝ፣ አንድ እናትማ አሳ ጉላሽ ጋብዘውኝ ልክፈል ብል እምቢ ብለው አስወጡኝ። እኔ ሞኙ ይሄን ሁሉ ማስታወሻዬ ላይ «ፍላጎት አለ» ብዬ ፃፍኩት። ከሁለት ዴቨሎፐር ልጆች ጋር አምስት ወር ከኪሴ እያወጣሁ ሰራን። 31 ምግብ ቤት ተመዘገበ። በሦስተኛው ሳምንት በአፑ የሚያዘው ሁለት ብቻ ቀረ፣ አንዱ ደሞ የአክስቴ ልጅ ነው።

ጥፋቴ የገባኝ አንድ ቀን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዛው ገበያው ጥግ ቁጭ ብዬ ነው። ጉላሽ የጋበዙኝ እናት መጡ፣ እኔን አላዩኝም። ጀልባው ጋ ሄደው አንድ ቆሮሶ አነሱ፣ ከጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገለጥ አድርገው ውስጡ ቀይ መሆኑን አዩ፣ ሆዱን በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት፣ መለሱት፣ ሌላ አነሱ። እንዲህ እያሉ ስምንት ዘጠኝ አሳ አገላበጡ። ከዛ ከልጁ ጋር ተሳሳቁና «ከትላንቱ ጋር ደምረህ ፃፈው» ብለውት አሳቸውን ይዘው በባጃጅ ሄዱ፣ አምስት ሳንቲም አልከፈሉም። አባ ኮዳዎቹ፣ ትልልቆቹ አሞራዎች፣ ብቻ ናቸው ዞር ብለው ያዩኝ። እሳቸው አሳን በእጃቸው ሳይነኩ አይገዙም፣ የሚገዙት በዱቤ ነው፣ ዱቤውን የሚሰጣቸው ልጅ ደሞ ስንት ዓመት የሚያውቃቸው ልጅ ነው። እኔ አምስት ወር የለፋሁበት አፕ ሁለቱንም ነጥቆ ቅድሚያ ክፈሉ የሚል አፕ ነው።

በኋላ ሄጄ «እናቴ፣ ምናለ ያኔ ቢነግሩኝ?» ስላቸው «ያን ያህል ለፍተህ መጥተህ እንዴት ብዬ ልጄ፣ ቅር እንዳይልህ ነዋ» አሉኝ።

እንግዲህ በዚህ አገር ሰው እንግዳ ፊት ላይ «አይረባም» አይልም፣ ከውጭ የመጣ ልጅ ፊትማ ጭራሽ። ውጭ ያለው ሐበሻም ያው ነው፣ የዕቁብ አፕ ሰርታችሁ ሰርግ ላይ ለሰው ብታሳዩ ሁሉም ያጨበጭብላችኋል፣ ዳውንሎድም ያደርጋል፣ ሰኞ ግን ዕቁቡን በደብተር ይሰበስባል። ስለዚህ ስለወደፊቱ አትጠይቁ። «ትጠቀሙበታላችሁ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ሁሌ አዎ ነው። ያለፈውን ጠይቁ፣ ቀን ጠርታችሁ። «ባለፈው ማክሰኞ አሳ ከየት ገዙ? ስንት ሰዓት ወጡ? ከማን ጋር? ስንት ከፈሉ?» እዚህ ላይ ሰው ይሉኝታ የለውም፣ የሆነውን ነው የሚናገረው። ከዛ ደሞ የተናደዱበትን ቀን ጠይቁ፣ ሰው ሲናደድ የሆነውን ከነዝርዝሩ ነው የሚያስታውሰው።

እኚህን እናት እንደዛ ብዬ ስጠይቃቸው ለካ የሚያናድዳቸው ሌላ ነው። ማታ ንፋስ ከነበረ ጠዋት ጀልባው ባዶውን ይመጣል ወይ ይዘገያል፣ እሳቸው ግን ይሄን የሚያውቁት ባጃጅ ከፍለው ሐይቁ ዳር ከደረሱ በኋላ ነው፣ ተመልሰው ስጋ ለመግዛት ሲሄዱ ረፍዷል፣ ቀኑ ተበላሸ። ፆም ሲሆን ደሞ ይብሳል፣ ፈላጊው ይበዛል (አሳ በፆም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለናንተ ትቻለሁ)። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ከቤት ሳይወጡ ዛሬ አሳ አለ ወይስ የለም። አፑን ዘጋንና ቴሌግራም ቻናል ከፈትን፣ አንድ ልጅ ጠዋት ጠዋት ከዳር ቆሞ «ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ ትንሽ፣ ዋጋ ይሄን ያህል» ብሎ ይለጥፋል። እስከዛሬ ይሰራል። ዴቨሎፐሮቹ ልጆች ተቀይመውኝ ነበር፣ እውነታቸውን ነው።

ይሄ በኔ ብቻ የደረሰ እንዳይመስላችሁ። ኤም-ፔሳን ታውቁታላችሁ፣ በ2015 ነሐሴ እኛም አገር ገብቷል። ኬንያ ላይ በፈረንጆቹ 2005 ሙከራው ሲጀመር የታሰበው ከማይክሮፋይናንስ የተበደሩ ሰዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲመልሱበት ነበር። ሰዎቹ ግን እጃቸው ሲገባ እርስ በርስ ገንዘብ መላላኪያ አደረጉት። ቡድኑ «አይ ያላሰብነውን ነው የሰራችሁት» ብሎ አልተጣላም፣ በ2007 በይፋ ሲወጣ «ገንዘብ ወደ ቤት ላክ» በሚል ነው የወጣው፣ የብድሩን ነገር ወደ ጎን ትቶ።

ይቺ «ትቶ» የምትለዋ ናት ስትራቴጂ ማለት። ብዙ ሰው ስትራቴጂህ ምንድነው ሲባል «በአንድ ዓመት 100 ሺ ተጠቃሚ» ይላል፣ ይሄ ምኞት ነው፣ እኔም ሎተሪ ቢወጣልኝ ደስ ይለኛል። ስትራቴጂ ሲነግሩኝ እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ይሄን ስትወስኑ የሚከፋው ማነው? የሚከፋው ሰው ከሌለ ገና አልወሰናችሁም ማለት ነው። ቴሌብር በኛ 2013 ግንቦት ሲጀምር አፕ ብቻ ይዞ አልመጣም፣ በ*127# ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክም እንዲሰራ አድርጎ ነው የመጣው። ይሄ ለዲዛይነር ደስ አይልም፣ ምስል የለው ቀለም የለው፣ ቁጥር እየመረጥክ ነው የምትሄደው፣ ትንሽ ከዘገየህም ይቋረጥብሃል፣ ግን ስማርት ስልክ የሌለውን ሰው ካልያዝክ በዚህ አገር ገንዘብ ማንቀሳቀስ የምትለው ነገር የከተማ ልጅ ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። እኛም ጋ በትንሹ እንደዛው ሆነ፣ ቻናሉን ያዩ ትልልቅ ሆቴሎች መጥተው በየሳምንቱ የሚከፈል፣ ደረሰኝ ያለው፣ በኪሎ ተመዝኖ በር ላይ የሚደርስ አሳ አምጡልን አሉ። ብሩ ያጓጓል። ግን እሱን ከጀመርን ለሆቴል አሳ የሚያመላልስ ድርጅት ነው የምንሆነው፣ ትንንሾቹ ምግብ ቤቶች ደሞ ጥሩ ጥሩው ተመርጦ ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሳቸው። አይ አልናቸው። ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ እየተነሳሁ ተሳስቻለሁ እንዴ እያልኩ አስቤያለሁ፣ አሁንም አንዳንዴ አስባለሁ።

ወደ ውጪው ስራችሁ ልመለስ። ፕሮዳክት ማኔጀር ስትሆኑ ኢንጂነሩ ሰራተኛችሁ አይደለም፣ ዲዛይነሩም ሰራተኛችሁ አይደለም፣ ሴልሱማ ጭራሽ። ወታደር የሌለው ሹመት ነው። ሁሉም ደሞ እናንተ ጋ መጥቶ «ይቺን ነገር ጨምሩልኝ» ይላል። እኔ የመጀመሪያ ዓመቴን ለሁሉም እሺ አልኩ፣ ለአለቃው እሺ፣ ለሴልስ እሺ፣ ደንበኛ ደውሎ ሲቆጣ እሺ፣ ሦስት ወር አለፈና የተጀመረ 11 ነገር ያለቀ ዜሮ። አለቃዬ ጠርታኝ «አንተኮ አስተናጋጅ ሆነሃል፣ ትዕዛዝ እየፃፍክ ወደ ኩሽና ትወስዳለህ» አለችኝ። በጣም ከፋኝ፣ ግን ልክ ነበረች።

እና ለኛ ለይሉኝታ ሰዎች የሚሆን መላ አገኘሁ። ፊት ለፊት እምቢ ማለት አፋችሁ ካልቻለ ዝርዝሩን ይዛችሁ ሂዱ። «ይሄ የያዝነው ስራ ነው፣ ያንተ ይግባ ካልክ የቱ ይውጣ?» በሉት። ምርጫውን እሱ ላይ አድርጉት። ግማሹ «እንግዲህ ይቆይ» ብሎ ይሄዳል። ሽምግልና የተቀመጠ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ ጥሩ ሽማግሌ አይፈርድም፣ ሁለቱን ወገን ለየብቻ ሰምቶ፣ ያልተባለውንም ሰምቶ፣ ራሳቸው እንዲሉት ያደርጋል። ቤታችሁ ይሄን የሚያደርግ አባት ወይ አጎት ካለ ከሰርተፍኬቱ ይልቅ እሱን አስታውሱት።

መፃፍ ደሞ አለ። ሙያው ራሱ የተጀመረው በፅሁፍ ነው ይባላል፣ በፈረንጆቹ 1931 ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ውስጥ ኒል ማኬልሮይ የሚባል ወጣት ካሜይ የሚባለው ሳሙና ለምን የራሱ ሰው እንደሚያስፈልገው ሦስት ገፅ ማስታወሻ ፅፎ ነው (ሰውዬው በኋላ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሆኗል፣ የሳሙና ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ)። እናንተ ከሦስት ገፅ አንድ ገፅ ፃፉ። ችግሩ የማነው፣ ዛሬ እንዴት ነው የሚወጣው፣ እኛ ምን እናደርጋለን፣ ምን አናደርግም፣ ምን እንዲሆን እንጠብቃለን፣ እስከ መቼ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ናቸው የሚዘለሉት። እኔ የ32 ሉክ ደብተር ገዝቼ ውሳኔዬን ከነቀኑና ከነግምቴ እፅፋለሁ፣ ከሦስት ወር በኋላ ገልጬ አነባለሁ፣ አንዳንዱን ሳነብ ብቻዬን ነው የምቀላው። ግን ግምቴ የት የት ጋ እንደሚስት አሁን አውቀዋለሁ፣ ለምሳሌ ሰው ልማዱን የሚቀይርበትን ጊዜ ሁሌ ግማሽ አድርጌ ነው የምገምተው።

ቁጥርም ልመዱ፣ ኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ የሚወጣበት ቋንቋ) በሁለት ወር ማታ ማታ ይለመዳል፣ ስንት ሰው ተመዘገበ ሳይሆን ስንቱ በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ የሚለውን ራሳችሁ ማውጣት ቻሉ። የኔን 31 እና 2 አስታውሱ።

ለገና ወይ ለክረምት ስትመጡ ደሞ አንድ ጠዋት ለዚህ ስጡት። እዚህ እኛ ሰፈር ያለ ካፌ ገብታችሁ ካሸሯ አጠገብ ቁጭ በሉና አንድ ማኪያቶ ይዛችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል ሰው እንዴት እንደሚከፍል እዩ። ስልካችሁንም ላፕቶፓችሁንም አታውጡ። ደንበኛው በስልኩ ይከፍላል፣ «ተላከ» የሚለውን ለልጅቷ ያሳያል። ልጅቷ ታየዋለች ግን አታምነውም፣ የውሸት ስክሪንሾት ስንቱን እንዳስቀጣ ታውቃለች። የቤቱ አካውንት ደሞ ባለቤቱ ስልክ ላይ ነው ያለው፣ ባለቤቱ ቤቱ ነው ወይ ለቅሶ ሄዷል። ትደውላለች፣ «ጋሼ፣ ገባ?» ትላለች። «ቆይ» ይላል። ደንበኛው ቆሟል፣ ከኋላው ሌላ ሰው ቆሟል፣ ባጃጁ ውጪ ክላክስ ያደርጋል። «ገባ» ይላል ጋሼ። ስልኩን ትዘጋለች። ከሁለት ደቂቃ በኋላ እንደገና፣ «ጋሼ፣ ይሄስ ገባ?»

ይሄን ስታዩ ወዲያው አፕ መስራት ያምራችኋል፣ አውቃለሁ፣ እኔንም እስከዛሬ ያምረኛል። መጀመሪያ ግን ችግሩ የማነው እንደሆነ ለዩ። ከፋዩ ነው? እሱ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይሄዳል። ልጅቷ ናት? ካልገባ ከደመወዟ ይቆረጣል። ባለቤቱ ነው? ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲያነሳ ይውላል፣ ግን ሂሳቡን ልጅቷ እንድታይ አይፈልግም ይሆናል፣ ምክንያቱን ደሞ ለናንተ ለእንግዳ በቀላሉ አይነግራችሁም። ማታ ሲመጣ ጠብቁትና ስለ ሐሳባችሁ አንድ ቃል ሳትተነፍሱ «ጋሼ፣ ባለፈው ቅዳሜ ስንቴ ደወለችልዎ?» ብላችሁ ጀምሩ።