መርዝ በከብት ሆድ ውስጥ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ ድርቆሽ ብቻ ስትመገብ የቆየች ላሜ፣ ከታጨደ በኋላ እንደገና ያቆጠቆጠ ማሽላ ውስጥ ገብታ ከጋጠች በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሞተች። አብረዋት የነበሩት ግን ምንም አልሆኑም። ከብት የበላው መርዝ በሆዱ ውስጥ ምን ይሆናል? አንዷን ገድሎ ሌሎቹን የተወውስ ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሞቱ እንዲህ ፈጣን ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ሳያናይድ ነው። ለጋ ማሽላ ዱሪን የተባለ ውህድ አለው፤ ቅጠሉ ሲታኘክና በጨጓራ ውስጥ ያሉ ደቂቅ ተሕዋስያን ሲያፈራርሱት ሳያናይድ ይለቀቃል። ጨጓራ ሁልጊዜ መርዝ ማርከሻ ይመስለናል፤ እዚህ ግን መርዙን የሚያወጣው ራሱ ነው፤ የሚያመሰኩ እንስሳት ከፈረስና ከአሳማ ይልቅ በዚህ መርዝ የሚጠቁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ወደ ደም የገባውን ሳያናይድ በተለይ በጉበት ውስጥ የሚገኘው ሮዳኔዝ የተባለ ኢንዛይም ከድኝ ጋር አጣምሮ፣ መርዛማነቱ እጅግ ወደቀነሰው ታዮሳያኔት ይለውጠዋል፤ ይህም በሽንት ይወገዳል። ሥራው ግን ጊዜና በቂ ድኝ ይፈልጋል። ስለዚህ ቀስ እያሉ የጋጡት የሚያስወግዱትን መጠን፣ አንዷ ላም ተስገብግባ በጥቂት ደቂቃ ከዋጠችው፣ ሴሎቿ በደሟ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን መጠቀም ያቅታቸዋል።

ማሽላ በድርቅ ሲጎዳ ናይትሬትም ያከማቻል። የጨጓራ ተሕዋስያን ናይትሬትን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ወደ አሞንያ ይለውጣሉ፤ አሞንያውን ለራሳቸው ፕሮቲን መሥሪያ ያውሉታል። ችግሩ የመጀመሪያው ለውጥ ከሁለተኛው መፍጠኑ ነው፤ የተረፈው ናይትራይት ወደ ደም ገብቶ ኦክስጅን የመሸከም አቅሙን ያሳጣዋል። በሳያናይድ የሞተ ከብት ደም ደማቅ ቀይ ሲሆን፣ በናይትራይት የሞተው ግን ቡናማ ስለሚሆን፣ ሁለቱን ለመለየት የደሙ ቀለም ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል።

አንዳንድ ጊዜ ልዩነቱ ያለው በተሕዋስያኑ ዓይነት ላይ ነው። ሉኪኒያ የተባለው የመኖ ዛፍ ሚሞሲን የሚባል መርዝ አለው። በአውስትራሊያ ከብቶችን ሲጎዳ በሃዋይ ግን የሚያመሰኩ እንስሳት ያለ ጉዳት ይመገቡት ነበር፤ በ1980ዎቹ ከሃዋይ የመጡ የጨጓራ ባክቴሪያዎች በአውስትራሊያ ከብቶች ሆድ ውስጥ ሲጨመሩ እነሱም መቋቋም ቻሉ።

ወደ እርስዎ ማሽላ ስንመለስ፣ ቁመቱ ቢያንስ 60 ሳንቲሜትር ሳይደርስ አያስግጡ፤ ከብቶቹንም ድርቆሽ አብልተው ያሰማሩ። ታጭዶ በደንብ ሲደርቅ ሳያናይዱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ናይትሬቱ ግን ድርቆሹ ውስጥም እንዳለ ይቆያል።